ልጅሽ እህል የሚቀምስበት ቀን

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ልጅሽ አራተኛ ወሩን ሊጨርስ ነው። አማትሽ «ወተትሽ አላጠገበውም፣ ሙቅ ይጀመርለት» ይሉሻል። የቀበሌሽ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ «6 ወር ሳይሞላው ውሃም እንዳትሰጪው» ትልሻለች። አሜሪካ ያለችው የአጎትሽ ልጅ ደግሞ የእሷ ሕፃን በ4 ወሩ መጀመሩን በስልክ ነግራሻለች። ማንን ልስማ ነው ያልሽኝ። ሦስቱም ልጅሽን ይወዱታል። ከማናቸውም ጋር ሳትጣዪ ቀኑን እንዴት እንደምትቆርጪ፣ ዕድሜዋን በአዊ፣ በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ እናቶችን ስትረዳ እንዳሳለፈች ነርስ የማውቀውን በተራ ቁጥር አድርጌ ጽፌልሻለሁ።

1. ቀኑን ዛሬውኑ ቁጠሪና ጻፊው። እህል የሚጀመርበት ቀን ልጁ ባለቀሰ ጊዜ ወይም እንግዳ በመጣ ጊዜ የሚወሰን ነገር አይደለም። 6 ወር ማለት 180 ቀን ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው አያስቸግርም፤ መስከረም 12 የተወለደ ልጅ መጋቢት 12 ይሞላዋል። በመካከሉ ጳጉሜን ካለፈች 5 ቀን ቀንሺ፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 6። ሰኔ 10 የተወለደው ታኅሣሥ 5 ላይ ይሞላዋል ማለት ነው። ከፈለግሽ ክርስትናውን ይዘሽ ቁጠሪ፤ ወንድ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ከዚያ በኋላ 140 ቀን ይቀረዋል፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ 100 ቀን ይቀራታል። የልጁን የክርስትና ዕለት የሚረሳ ቤተሰብ አላየሁም፤ ስለዚህ አማትሽም አብረውሽ ሊቆጥሩ ይችላሉ፣ ቢቆጥሩም ደስ ይለኛል።

በቁጥር ላይ የምጨክነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁላችንም የምናውቃቸው ክትባቶች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣሉ፤ ከዚያ የኩፍኙ በ9ኛ ወሩ ነው። እህል የሚጀመርበት ቀን የሚውለው በዚህ ረጅም ክፍተት ውስጥ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈ የመርፌ ቀጠሮ ስለሌለ ብዙ እናት ወይ ቀድማ ትጀምራለች፣ ወይ እስከ ኩፍኙ ክትባት ትቆያለች። በ6 ወሩ የሚጀመረው የቫይታሚን ኤ ጠብታ ግን አለ። ለእሱ ከጤና ኬላው ቀጠሮ ያዢና ጠብታውና የመጀመሪያው ማንኪያ በአንድ ሳምንት ይሁኑ።

2. አማትሽን «ተሳስተዋል» አትበያቸው። እሳቸው በወለዱበት ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ይጀመር ይል ነበር፤ ከጤና ጣቢያ የሰሙትም ይህንኑ ነው። ምክሩ ጸንቶ ወደ 6 ወር የተሻገረው በግንቦት 1993 ዓ.ም. ጄኔቭ በተቀመጠው የዓለም ጤና ጉባኤ ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ የመጣው ከቤላሩስ ነበር። በዚያ ከ17 ሺህ በላይ እናቶችን ከነልጆቻቸው የተከታተሉ ሐኪሞች 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ የጠቡት ሕፃናት፣ በ3 ወራቸው ሌላ ምግብ ከተጨመረላቸው ይልቅ በተቅማጥና በመሰል የሆድ ሕመም የመያዛቸው ዕድል ያነሰ መሆኑን አዩ፤ እድገታቸውም አልተጎዳም። ልብ በይ፣ ቤላሩስ የቧንቧ ውሃ በየቤቱ የሚገባባት አገር ናት። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ በክረምት ጎርፉ ምንጫችን ውስጥ በሚገባበት በእኛ አገር ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ልነግርሽ አያስፈልግም።

የአጎትሽ ልጅም የሐኪሟን ቃል ነው የነገረችሽ። አንዳንድ ሕፃን፣ በተለይ በቆዳ አለርጂ የሚሠቃይ፣ በሐኪም ክትትል ቀደም ብሎ እንዲጀምር ሊታዘዝ ይችላል። ነገር ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በጥቅሉ የሚመክረው 6 ወር ገደማ ነው፤ 4 ወር ሳይሞላው ይጀመር የሚል ከባለሙያ ወገን የለም።

3. የሚፈትንሽ አሁን የምትገቢበት ጊዜ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሁለት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ውስጥ 74 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር፤ በ2 እና በ3 ወራቸው 64 በመቶ፤ በ4 እና በ5 ወራቸው ግን 36 በመቶ ብቻ። ያን ሁሉ ቀን የታገሠች እናት መጨረሻው ላይ ትለቃለች ማለት ነው።

የምትለቅበት ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወተቴ አልበቃው አለ።» ልጁ በ4 ወሩ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ሰው ሲበላ አፍጥጦ ያያል፣ ተኝቶ ያድር የነበረው ሌሊት መነሣት ይጀምራል። ይህ ሁሉ እህል እህል አለው ማለት አይደለም። እጁን መብላቱና ዓለምን ማየቱ የዕድሜው ነው። ሌሊት መነሣቱም እያደገ ስለሆነ ብዙ ወተት ሊጠይቅሽ ነው፤ ጡት ደግሞ በተጠባ ቁጥር ነው የሚያመነጨው። ሁለት ሦስት ቀን ሳትሰስቺ ደጋግመሽ ብታጠቢው ወተቱ ፍላጎቱን ይደርስበታል። በዚያ ሰዓት ሙቅ ከሰጠሽው ግን ሆዱ በውሃ ይሞላል፣ መጥባቱን ይቀንሳል፣ ወተትሽም ይቀንሳል፤ በሳምንቱ «አላልኳችሁም፣ ወተቴ አይበቃውም» ትያለሽ።

መብቃቱን የምታውቂው በለቅሶው አይደለም። በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ሽንቱን ይሸናል ወይ? በየወሩ ጤና ኬላ ሲመዘን በካርዱ ላይ ያለው መስመር ወደ ላይ ይወጣል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ካሉ ወተትሽ በቅቶታል፤ ማንም ቢናገር አትደንግጪ። ክብደቱ ከቆመ ግን ወደ ሙቅ ሳይሆን ወደ ባለሙያዋ ሂጂ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የአያያዝ ነው፤ ልጁ የጡቱን ጫፍ ብቻ ይዞ ስለሚጠባ ወተቱ በደንብ አይወጣለትም። ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ ልጅ፣ መንታም ቢሆን፣ የብረት ማዕድኑ ቶሎ ስለሚያልቅ በዚያው በጡቱ ላይ የብረት ጠብታ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ይህን ራስሽ አትወስኚ።

አንቺም ብዪ። የምታጠባ እናት ከወትሮዋ ሌላ በቀን 2 ገበታ ይጨመርላታል። ባልሽ ይህን ጽሑፍ ያንብበው፤ ይህች መስመር ለእሱ ናት።

4. እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም ማለት ምንም ነው። ለጋ ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውሃ፣ ሻይ፣ ስኳር በውሃ፣ ለሆድ ቁርጠት እየተባለ የሚጋት ቅጠል፣ ሁሉም ይቅር። ጡት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ውሃ ስለሆነ በጃዊ ሙቀት እንኳ ልጅ ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም፤ በእንጅባራ ደጋማ ብርድማ ጭራሽ። ባለሙያ ያዘዘው መድኃኒት፣ የቫይታሚን ጠብታና ኦአርኤስ ብቻ ከዚህ ውጪ ናቸው።

5. ሥራ ስለምትመለሺበት ጉዳይ። ሕጉ ከወለድሽ በኋላ የሚሰጥሽ 90 ቀን ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የሚለው ይህንኑ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ ደግሞ 180 ቀን ነው። መንግሥት እናትን 6 ወር አጥቢ ብሎ እያስተማረ ፈቃዱን በግማሹ መቁረጡ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። እስኪስተካከል ግን መላ አለው። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አጥግበሽ አጥቢው። ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በተቀቀለ ንጹሕ ኩባያ ጡትሽን እለቢና ክደኚው። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ለ4 ሰዓታት ያህል ሳይበላሽ ይቆያል። ልጁን የምትይዘው ልጅ ወይም አማትሽ በትንሽ ሲኒ ያጠጡታል። ጡጦ አልወድም፤ ጫፉን አጥርቶ ማጠብ ከባድ ነው፣ ብዙ ተቅማጥ ከእሱ ሲመጣ አይቻለሁ። ለዘጠኝ ሰዓቱ ማጥቢያ ልጁን ወደ ሥራሽ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ ከሁሉ ይበልጣል። ባሎቻቸውን ተከትለው የከሰል እንጨት ሊቆርጡ ዲከረንስ ወደሚባለው የግራር ዛፍ ማሳ የሚወርዱ የፋግታ እናቶችም አዝለው መሄዳቸው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጢሱን ብቻ ያርቁለት።

6. ቀኑ ሲደርስ ልጁን እዪው። አንገቱ ጸንቷል? ደገፍ ሲደረግ ይቀመጣል? ማንኪያ ሲቀርብለት አፉን ይከፍታል? የሰጠሽውን በምላሱ ገፍቶ ከማውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይወስደዋል? ጥርስ አትጠብቂ፣ ድድ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ቀን ቢተፋው አልፈለገም ማለት አይደለም፤ በማግስቱ ድገሚለት፣ አታስገድጂው፣ አፍንጫውን ይዘሽ አትጋቺው። እጅ ውስጥ እያፈሰሱ መጋት የሚባለው ልማድ በየቤቱ አለ፤ ልጅ ትን ይለዋል፣ ይጠላዋል።

7. አሁን ብዙ ሰው የማይነግርሽ። 180 ቀኑ ሲሞላ አትዘግዪ። «ገና ነው፣ ጡቱን ይጥባ» እየተባለ 8፣ 9 ወር የሚደርሱ ልጆች አሉ። ሲወለድ ከእናቱ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት የሚያልቅበት ጊዜ ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ጡት ብቻ አይሸፍነውም። የኋለኛው ጥፋት ከፊተኛው አያንስም፤ ድምፅ ስለሌለው ብቻ ነው የምንረሳው። በጊዜው ያልተመገበ ልጅ አይጮህም፣ ቀስ ብሎ ይቀነጭራል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በአማራ ክልል 41 በመቶ። ድንቹ፣ ገብሱ፣ ወተቱና ማሩ ካለበት አገር እንዲህ ያለ ቁጥር መውጣቱ ያንገበግበኛል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ ቃል የገባው በአገው ወገኖቻችን ምድር በዋግ ኽምራ በምትገኘው በሰቆጣ ከተማ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። የመንግሥት ቃል በድስትሽ ካልተፈጸመ የትም አይፈጸምም።

8. ስለ ምግቡ። የመጀመሪያው ትልቁ ስሕተታችን ማቅጠን ነው። ሙቅና አጥሚት ለአራስ ነው እንጂ ለዚህ ልጅ አይሆንም። ሆዱ ትንሽ ናት፤ በውሃ ከሞላሻት ለጉልበት የሚሆነው ቦታ ያጣል። ገንፎው ከማንኪያው ላይ ዘንበል ስታደርጊው ወርዶ የማይፈስ፣ ግን ለስላሳ ይሁን።

ዱቄቱን ራስሽ አዘጋጂ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ ወይም በቆሎ 3 እጅ፣ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ 1 እጅ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ይፈጭ። ዱቄቱን ስታበስዪ አንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጨምሪ፣ ሲበስል የተቀቀለ እንቁላል ደፍጥጪበት። ከገበያ የሚገዛው ፋፋ በ1950ዎቹ ከስዊድን ጋር በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ሥራ የተወለደ ጥሩ ነገር ነው፣ አቅሙ ካለሽ ግዢ፤ ከሌለሽ ግን የቤትሽ ዱቄት ልጅሽን አያሳፍረውም። ሌላ ቀን የእንጅባራን ድንች ቀቅለሽ በወተት ለውሺው፤ ሌላ ቀን ዱባ፣ ካሮት፣ ጎመን በደንብ በስሎ ተደፍጥጦ። ሽሮ ወይም ምስር ከሠራሽ በርበሬው ሳይገባ የልጁን ቅጂለት፣ እንጀራውን አድቅቀሽ አለስልሺበት፤ ሊጡ ቆይቶ የቦካ ስለሆነ በውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት የተሻለ ይገኛል። ሻይና ቡና ይህንኑ ብረት ስለሚይዙበት አታቅምሺው።

6 ወር እንደሞላው 2 ወይም 3 ማንኪያ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃዋል፤ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ አድርሺው። ከ9 ወሩ ጀምሮ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመካከሉም ሙዝ ወይም ቂጣ። ሁሉም ጡቱን ሳያቋርጥ ነው፤ እስከ አንድ ዓመቱ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉ አሁንም ከአንቺ ነው የሚመጣው። ለብቻው ሳህን ይኑረው፤ ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ ምን ያህል እንደበላ አታውቂም።

ስለ እንቁላሉ አንድ ነገር ልናገር። በገጠራችን ዶሮዋ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ለዳንግላ ገበያ ይሄዳል፣ ቅቤው ይከተለዋል፣ በተሸጠው ገንዘብ ጨውና ሳሙና ይገዛል፣ ልጁ ሽሮ ይበላል። ጨውና ሳሙናው እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ድህነትን የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ግን ከሳምንቱ እንቁላል ቢያንስ ሁለት ሦስቱን ለልጁ ለዪለት። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ለዕድሜው የሚበቃ፣ ዓይነቱም ቁጥሩም የተሟላ ምግብ ያገኘው 11 በመቶው ብቻ ነው። ጎድሎ የተገኘው በብዛት እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና አትክልት ነው።

9. ጾም ቢገባ። ቀኑ ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ላይ ሊውል ይችላል። ጨቅላ አይጾምም፤ ይህን የማያውቅ ካህን የለም። ችግሩ ከእምነቱ ይልቅ ከድስቱ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ሲጾም ለአንድ ልጅ ብሎ የፍስክ ዕቃ ማንሣት ይከብዳል። ለእሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለዪለት፣ በአንድ ቦታ ትቀመጥ፣ ማንም አይንካት። ጭቅጭቁ እዚያው ያልቃል።

10. የአዊ ልጅ መሆኑ የሚያስጠነቅቀው ሦስት ነገር። ማር፦ የአገራችን ማር ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን 1 ዓመት ሳይሞላው አይላስ፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ረቂቅ ተሕዋስ የሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ሰውነቱን የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ግብጦ፦ ምሬቱ በሚገባ ካልወጣለት መርዛማ ነው፤ ለሕፃን ጭራሽ አይሁን። ቆሎና ኦቾሎኒ፦ ትን ይለዋል፣ ሙሉ ፍሬ እስከ 5 ዓመቱ ይራቅ። ከእነዚህ ሌላ፣ የላም ወተት በገንፎ ውስጥ ይግባለት፣ በጡት ፈንታ ግን እስከ ዓመቱ አይጠጣ።

11. ልጅ እህል የሚጀምረውና መዳኽ የሚጀምረው በአንድ ወቅት ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ዶሮ ከሚያድርበት መደብ ላይ አታስቀምጪው፣ ኩሱ የተቅማጥ ምንጭ ነው፤ ሰሌን ወይም ጨርቅ ይነጠፍለት። ሲበላ እጅሽንም የእሱንም በሳሙና እጠቢ። የሚጠጣው ውሃ ይፍላ። የተረፈውን ገንፎ ለማታ አታቆዪ፣ ታላቁ ይብላው።

12. ሲታመም ምግብ አታቁሚ። ተቅማጥ ከያዘው ጡቱ ይብዛ፣ ኦአርኤስና ዚንክ ከጤና ኬላ ውሰጂ፣ ምግቡ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ከዳነ በኋላ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ገበታ ጨምሪለት፤ የጎደለውን የሚመልሰው በዚያን ጊዜ ነው። ከ6 ወሩ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽኗ ክንዱን በቀለም በተከፈለው መለኪያ ትለካዋለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ቀዩ ላይ ከወደቀ፣ ወይም ሁለት እግሮቹ ካበጡ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ ባልሽ ከገበያ እስኪመለስ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት አዝለሽ ጤና ጣቢያ ድረሺ።